ኦፈር ከተሰጣችሁ በኋላ በባክግራውንድ ቼክ የተሰረዘባችሁ ምን አደረጋችሁ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው የምጽፈው። እሱ መጻፍ አልፈለገም፤ አፍሯል። ፈቃዱን ጠይቄ ነው ያወጣሁት።

ዲሲ ውስጥ ትልልቅ ሕንፃዎች የሚያስተዳድር አንድ ድርጅት በጥገና ሥራ ሊቀጥረው ተስማማ። ኢንተርቪው አለፈ፣ የኦፈር ደብዳቤ መጣለት፣ የሚጀምርበት ቀን ተነገረው። እሱም በነበረበት ቦታ ልለቅ ነው ብሎ አሳወቀ። ከዚያ አንድ ኢሜይል መጣ። ሁለት መስመር ናት። በባክግራውንድ ቼኩ (ቀጣሪ የሰውን የቀድሞ መዝገብ በሚያጣራበት) ውጤት ምክንያት ኦፈሩን ሰርዘነዋል ትላለች። ምን እንደተገኘበት አልተጻፈም። ሪፖርቱም አልተያያዘም።

ወንድሜ አንድ ጊዜ ታስሮ ያውቃል። 2015 ላይ፣ ሜሪላንድ ውስጥ። አብረውት ቤት የተከራዩ ልጆች ተጣሉ፣ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ፣ ፖሊስ ደግሞ ቤት ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ሄደ። በማግስቱ ለቀቁት። ቆይቶ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አልቀጥልም ብሎ ዘጋው። ወረቀቱ እኔ ጋ አለ። እኛም ያለቀ ነገር ነው ብለን ረስተነዋል። አሁን የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ የሚፈለግበት ድረ ገጽ ላይ ስሙን ስጽፍ ግን ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የተከሰሰበት ወንጀል ከላይ በግልጽ ይነበባል። መዘጋቱን ለማየት ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል።

እናታችን "ተዉት፣ ስሙን አታስነሱ፣ እግዜር ሌላ ይሰጠዋል" ትላለች። ለእኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ያልተፈረደበት ልጅ እንደተፈረደበት ሲታይ ዝም እንበል? የደረሰበት ወይም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ካለ ምከሩኝ።

ቤልትዌይ ሾፌር

እህቴ አይዞሽ፣ እሱንም አይዞህ በዪልኝ። እኛ መተግበሪያ ላይ የምንሠራ ሾፌሮች ይህን ቼክ ደጋግመን ነው የምናልፈው። መጀመሪያ ሪፖርቱን በእጃችሁ አስገቡ። እሱን ሳታዩ የምታወሩት ሁሉ ግምት ነው። የ2015ቱ ነገር ላይሆንም ይችላል እኮ።

ቅጥር ክፍል

እኔ እዚሁ ዲሲ አካባቢ በሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ይህን ቼክ የማዘውም ውጤቱን የማነበውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚያኛው ወገን ያለውን ልንገርሽ።

ቀጣሪው ራሱ ፍርድ ቤት ሄዶ አይፈልግም። ለአንድ ሪፖርት አቅራቢ ኩባንያ ስም፣ የልደት ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይልካል። ኩባንያው ከየካውንቲው ፍርድ ቤትና ከራሱ የመረጃ ክምችት ያገኘውን ሰብስቦ ይመልሳል። ይህን ሥራ የሚገዛው ኤፍሲአርኤ የሚባለው የ1970 የፌዴራል ሕግ ነው። ብዙ ሰው የክሬዲት ሕግ ነው ብሎ ያልፈዋል። የሥራ ባክግራውንድ ቼክም በእሱ ሥር ነው።

ሕጉ ቀጣሪውን በቅደም ተከተል ያስኬደዋል። መጀመሪያ ለብቻው በሆነ ወረቀት አሳውቆ ፊርማ ይቀበላል። ውጤቱን ካልወደደው ደግሞ ኦፈሩን ከመሰረዙ በፊት የሪፖርቱን ሙሉ ቅጂና የመብት መግለጫ ይልካል። ይህ የሚደረገው ሰውየው አይቶ "ይህ እኔ አይደለሁም" ወይም "ይህ ተዘግቷል" ማለት እንዲችል ነው። ሕጉ የቀኑን ብዛት አልወሰነም፤ አብዛኛው ድርጅት 5 የሥራ ቀን ያህል ይጠብቃል። የመጨረሻው ደብዳቤ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም የሪፖርት አቅራቢውን ስም፣ አድራሻና ስልክ መያዝ አለበት። እንደምትዪው ከሆነ የወንድምሽ ድርጅት ዋናውን ደረጃ ዘሎታል።

ሌላው የጊዜ ገደቡ ነው። ፍርድ ያልተከተለው እስር 7 ዓመት ካለፈው ሪፖርት አቅራቢው ጭራሽ ሊጽፈው አይገባም። ይህ ገደብ የማይሠራው የሥራው ዓመታዊ ደመወዝ 75,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ጥፋተኛ የተባለበት ፍርድ ግን በፌዴራል ሕግ የጊዜ ገደብ የለውም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የዲሲ ሕግ አለ። ከ2014 ጀምሮ ዲሲ ውስጥ ከ10 ሰው በላይ የሚያሠራ ቀጣሪ ኦፈር ሳይሰጥ ስለ ወንጀል ሪከርድ መጠየቅ አይችልም። ወደ ፍርድ ያልደረሰ እስርን ደግሞ ከኦፈር በኋላም ቢሆን መጠየቅ አይችልም። ኦፈሩን መልሶ ለመውሰድ ከሥራው ጋር የተያያዘ በቂ ምክንያት ማሳየት አለበት። የሥራውን ዓይነት፣ ያለፈውን ጊዜ፣ ሰውየው ያኔ ስንት ዓመቱ እንደነበረ፣ የጥፋቱን ክብደት፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሠራ እያየ ማለት ነው።

ደመወዙ ስንት ነበር? ድርጅቱስ ምን ያህል ሠራተኛ አለው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደመወዙ ከ75,000 በደንብ ያንሳል። ሠራተኛ ከመቶ በላይ እንዳላቸው ራሳቸው ድረ ገጻቸው ላይ ጽፈዋል። ቅጽ ሲሞላ "ታስረህ ታውቃለህ?" የሚል ጥያቄ አልነበረም ይላል። ለማን ነው የምንጽፈው? ለድርጅቱ ወይስ ለሪፖርት አቅራቢው?

ቅጥር ክፍል

ለሁለቱም ጻፉ። በስልክ አይሁን፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀኑም ይኑርበት።

ለድርጅቱ፦ የተጠቀማችሁበትን ሪፖርት ሙሉ ቅጂና የተሰረዝኩበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ ይበል። በዲሲ ሕግ ይህን ጥያቄ ኦፈሩ ከተሰረዘ በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ አትዘግዩ።

ለሪፖርት አቅራቢው፦ ቅጂው ሲደርሳችሁ ስህተቱን መስመር በመስመር ጠቅሳችሁ፣ ክሱ የተዘጋበትን ወረቀት ኮፒ አያይዛችሁ ተቃውሞ አስገቡ። በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ የማረም ግዴታ አለበት። ክፍያ የለውም።

ድርጅቱ ካልተመለሰ ለዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ አቤቱታ ይቀርባል። ለዚህ አንድ ዓመት ጊዜ አላችሁ። ጥፋቱ ከተረጋገጠ 100 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ቀጣሪ እስከ 5,000 ዶላር ይቀጣል፤ ግማሹ ለአመልካቹ ነው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ግን ከቢሮው ደብዳቤ ሲደርሳቸው ፋይሉን እንደገና የሚከፍቱ ድርጅቶች አይቻለሁ።

ሥራውን ሊለቅ ካመለከተበት ቦታም ቶሎ ይነጋገር። ቦታው ካልተያዘ ሊመልሱት ይችላሉ።

ጃንዋሪ አንድ

ስሜ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። በስደት ስንመጣ የልደት ቀናችን በትክክል ስላልታወቀ ብዙዎቻችን ጃንዋሪ 1 ተብለን ተመዝግበናል። የእኔ ጣጣም ከዚያ ነው የጀመረው።

የመጋዘን ሥራ ልገባ ስል ሪፖርቱ ላይ ሦስት ክስ ወጣብኝ። ሚኔሶታ ውስጥ። እኔ ሚኔሶታን በአውሮፕላን እንኳ አልፌባት አላውቅም። ስሙ ግን የእኔው ነው። የአባቴ ስም እዚህ እንደ ቤተሰብ ስም ነው የሚቆጠረው፤ የእኔ ስምና የአባቴ ስም ደግሞ በሐበሻ ዘንድ በጣም የተለመዱ ናቸው። የልደት ቀኑም ጃንዋሪ 1፣ ዓመቱም ያው። ኮምፒውተሩ አንድ ሰው ነን አለ።

ያዳነኝ የአያት ስም ነው። ሪፖርቱን አስልኬ ስከፍተው የዚያ ሰው መካከለኛ ስም ተጽፏል። ከእኔ ጋር በፍጹም አይገናኝም። ቁመቱም ተጽፎ ነበር። የመንጃ ፈቃዴን፣ የግሪን ካርዴን ኮፒና የኖርኩባቸውን አድራሻዎች ዝርዝር አያይዤ ላክሁ። ከሪፖርቱ አወጡት። ሥራው ግን አልጠበቀኝም፤ ለሌላ ሰው ሰጡት።

ስለዚህ የምለምናችሁ፦ ሥራ ስታመለክቱ የአያታችሁን ስም ሳታስቀሩ ሙሉውን ጻፉ። ፓስፖርት ላይ እንዳለው፣ በየወረቀቱ አንድ ዓይነት ፊደል ይሁን። አንዱ ቦታ ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሁለት ፊደል አይሁን።

ማናሳስ

በቨርጂኒያ ያላችሁ ሁሉ አንብቡልኝ። እዚህ ሬክለስ ድራይቪንግ (በግድየለሽነት መንዳት) የትራፊክ ትኬት አይደለም። ወንጀል ነው። ከፍጥነት ገደቡ 20 ማይል በላይ ከሄዳችሁ፣ ወይም ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል ካለፋችሁ በወንጀል ነው የምትከሰሱት። ሕጉ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያስቀምጥለታል።

ሰዎቻችን ምን ያደርጋሉ? ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፣ ጠበቃ የለም፣ አስተርጓሚ አይጠይቁም። ዳኛው ሲጠይቃቸው "አዎ ፈጥኛለሁ" ብለው ቅጣቱን ከፍለው ይወጣሉ። ትኬት የከፈሉ ነው የሚመስላቸው። የመንጃ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቀመጣል። በወንጀል መዝገቡ ላይ ደግሞ ፍርዱ አብሯቸው ይኖራል። ከዚያ ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌርነት ሲያመለክቱ "ተፈርዶብህ ያውቃል?" ተብለው "በፍጹም" ብለው ይፈርማሉ። ሪፖርቱ ሲመጣ ዋሽተሃል ይባላሉ። ከሬክለሱ ይልቅ ውሸቱ ነው የሚጥላቸው። የአጎቴ ልጅ በዚህ ነው ጥሩ ሥራ ያመለጠው፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ክስ ከመጣባችሁ ለጠበቃ ክፈሉ። ብዙ ጊዜ ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ዝቅ ይደረጋል።

የአረጋውያን ቤት

ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ አነስተኛ የሆም ኬር ድርጅት አለኝ፣ ቀጣሪ ነኝ ማለት ነው። የዚህኛውንም ወገን ሐሳብ ብታዩልኝ ደስ ይለኛል።

እኔ የምልካት ሠራተኛ የ90 ዓመት አዛውንት ቤት ውስጥ ብቻዋን ታድራለች። የመድኃኒቱ ሳጥን በእጇ ነው። የቤቱ ቁልፍ በእጇ ነው። ቦርሳቸውና የባንክ ካርዳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። ልጆቻቸው እኔን አምነው ነው የሚሰጡኝ። በእኛ ዓይነት ሥራ ላይ ስቴቱ ራሱ ቼክ አድርጉ ይለናል፤ ስለ ወንጀል ሪከርድ የመጠየቂያ ጊዜውን የሚያዘገየው የሜሪላንድ ሕግም አቅመ ደካማና ሕፃናት የሚያገለግሉ ድርጅቶችን አይጨምርም። በሌብነት የተፈረደበት ሰው ልኬ አንድ ነገር ቢጠፋ፣ እያወቅህ ለምን ላክህ ተብዬ እከሰሳለሁ። ድርጅቱ ይዘጋል፤ አብረውኝ የሚሠሩ እናቶችም ሥራ ያጣሉ።

የእህታችን ወንድም የተበደለ ይመስለኛል። ቼክ የሚያደርግ ሁሉ ግን ጨካኝ አይደለም።

ቅጥር ክፍል (ለየአረጋውያን ቤት)

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው። ቼክ መደረጉን የሚቃወም የለም። ጥያቄው ሪፖርቱ ከተነበበ በኋላ ምን ይደረጋል ነው።

በዚህ ላይ አንድ የቆየ የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ። ሴንት ልዊስ ውስጥ በክ ግሪን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በ1970 ለሚዙሪ ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ በጸሐፊነት አመለከተ። ከዚያ በፊት ወታደር አልሆንም ብሎ እምቢ በማለቱ 21 ወር ታስሮ ነበር። ኩባንያው ከ1948 ጀምሮ ከቀላል የትራፊክ ጥፋት በቀር ማንኛውም ፍርድ ያለበትን ሰው አይቀጥርም ነበር። ምን ሠራ፣ መቼ ሠራ ብሎ አይጠይቅም። በ1975 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይህን ዓይነት የጅምላ ክልከላ ሕገ ወጥ ነው አለ። ጸሐፊ ሆኖ ወረቀት ለማዘጋጀት፣ ጦርነት አልሄድም ማለቱ ምን ያደርጋል?

ኢኢኦሲ (የፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን) በ2012 ባወጣው መመሪያም መለኪያዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው፦ የጥፋቱ ዓይነትና ክብደት፣ ያለፈው ጊዜ፣ የሚሠራው ሥራ ባሕርይ። መታሰር ብቻውን ጥፋት መፈጸሙን እንደማያረጋግጥም በግልጽ ጽፏል። የእርስዎ ሥራና የሌብነት ፍርድ በቀጥታ ይገናኛሉ። የጥገና ሥራና የተዘጋ የ2015 ክስ ግን አይገናኙም።

የአረጋውያን ቤት

በዚህስ እስማማለሁ። እኔም የመጣልኝን ሪፖርት ሳላነጋግር ሰው አልመልስም። አስጠርቼ "ይህ ምንድን ነው?" እላለሁ። አንዳንዱ ቁጭ ብሎ ሁሉን ይነግረኛል፣ ወረቀቱን ያሳየኛል። አንዳንዱ ግን ስልኬን እንኳ አያነሳም፤ በዚያው ይጠፋል። ከጠፉት ውስጥ ስንቱ ምንም የሌለበት እንደሆነ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ባለቤቱ

እዚህ ሁሉም ያወራው ስላልተፈረደባቸው ነው። የእኔ ባለቤት ግን ተፈርዶበታል። ልጅ እያለ የሠራው ነው፤ ቅጣቱን ጨርሷል። ስለ እንደ እሱ ያሉትም እንድታወሩ ነው የምጽፈው።

ከወጣ በኋላ የነበረውን ጊዜ መናገር ይከብደኛል። ማመልከቻው ላይ "ተፈርዶብህ ያውቃል?" የምትለዋን ሳጥን ምልክት ሲያደርግ እጁን አያለሁ። መልስ አይመጣም። ከዚያ ማመልከት ራሱ አቆመ። ጠዋት ተነስቶ ጫማውን አስሮ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። ቤተክርስቲያን ሰዎች "ምን እየሠራህ ነው?" ሲሉት ስለሚሳቀቅ እሱንም ተወ።

የረዳን አንድ የሥራ ማገናኛ ማዕከል ነው። የፌዴራል ቦንዲንግ ፕሮግራም የሚባል ነገር አሳዩን። ከ1966 ጀምሮ ያለ ነው። አገራችን ባንክ ሲቀጥር ዋስ አምጣ ይል የለ? እዚህ መንግሥት ራሱ ዋስ ይሆናል ማለት ነው። ሠራተኛው ቢሰርቅ ወይም ቢያጭበረብር ለመጀመሪያው 6 ወር በ5,000 ዶላር የሚጀምር ዋስትና ለቀጣሪው በነፃ ይሰጠዋል። ባለቤቴ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ የምንጣፍ ሥራ ድርጅት ባለቤቱን አነጋገረ። "ይህ ይህ አለብኝ፣ ይህ ደግሞ ዋስትናዬ ነው" አለው። ሰውየው ቀጠረው። ዛሬ የቡድን ኃላፊ ነው።

ጋሼ እርስዎም እንደ እሱ ያለ ሰው ከደጅዎ ሲመጣ ሰምተው ይመልሱት እንጂ አይለፉት።

የአረጋውያን ቤት

ይህን ፕሮግራም አላውቀውም ነበር። እናመሰግናለን ልጄ። ለቢሮ ሥራና ለሾፌርነት ልጠቀምበት እችላለሁ፤ እጠይቃለሁ።

ሚልዋኪን አስታውሱ

የባለቤቱን ጽሑፍ ሳነብ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። ዲቫ ፔጀር የምትባል የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ሚልዋኪ ከተማ ያደረገችው ነው፤ በ2003 ታተመ። ሁለት ነጭና ሁለት ጥቁር ወጣቶችን ተመሳሳይ ማመልከቻ አስይዛ 350 ቀጣሪዎች ጋ ላከች። በየተራ አንዳቸው የወንጀል ሪከርድ አለብኝ ይላሉ። ሪከርድ የሌለበት ነጭ 34 በመቶ ጊዜ ተመልሶ ተጠራ፣ ሪከርድ ያለበት ነጭ 17። ሪከርድ የሌለበት ጥቁር 14፣ ያለበት ጥቁር 5። ቁጥሮቹን ደግማችሁ እዩዋቸው። ምንም የሌለበት ጥቁር ልጅ ታስሮ ከወጣው ነጭ በታች ነው የተጠራው።

እንዲህ ያለውን ለመቀነስ ነው "ሳጥኑን አንሱ" የሚለው ዘመቻ የመጣው። ሃዋይ በ1998 ቀደመች፤ ሜሪላንድ ከየካቲት 2020 ጀምሮ 15 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያላቸው ቀጣሪዎች በአካል ከሚደረገው የመጀመሪያ ኢንተርቪው በፊት እንዳይጠይቁ አድርጋለች። ቨርጂኒያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንጂ የግል ቀጣሪን በዚህ አትከለክልም።

ቤልትዌይ ሾፌር (ለሚልዋኪን አስታውሱ)

ሳጥኑ ሲነሳ ግን ሌላ ችግር ተፈጥሯል የሚል ጥናት አለ አይደል? ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክ ላይ።

ሚልዋኪን አስታውሱ

አዎ፣ አጋንና ስታር የተባሉት ተመራማሪዎች ናቸው። ወደ 15,000 የሚጠጋ የፈጠራ ማመልከቻ ላኩ። ሳጥኑ እያለ ነጭ የሚመስል ስም ያለው ከጥቁሩ 7 በመቶ ብቻ በልጦ ይጠራ ነበር። ሳጥኑ በተነሳባቸው ቀጣሪዎች ዘንድ ልዩነቱ 43 በመቶ ሆነ። መጠየቅ የተከለከለው ቀጣሪ ስም እያየ ይገምታል ማለት ነው። ያው ጥናት ግን ሳጥኑ ያላቸው ቀጣሪዎች ሪከርድ የሌለበትን ሰው 60 በመቶ ገደማ አብልጠው እንደሚጠሩም አሳይቷል። ሳጥኑን መልሱ አልልም። ሳጥኑን ማንሳት ብቻውን አይበቃም ነው የምለው። የእኛ ስሞች ደግሞ ከሩቅ ነው የሚታወቁት።

ከአዲስ አበባ

እኛ ጋ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አሻራ ሰጥተህ ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ራስህ ታወጣለህ፣ ራስህ ይዘህ ለቀጣሪው ትሰጣለህ። ሰልፉና ምልልሱ ያደክማል። ግን የተጻፈውን ከቀጣሪው በፊት አንተ ታየዋለህ። እናንተ ስለ ራሳችሁ የተጻፈውን መጨረሻ ላይ ማወቃችሁ ገረመኝ። ቀድማችሁ ማውጣት አትችሉም?

ቅጥር ክፍል

ይቻላል፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። የብዙ ስቴቶችን የፍርድ ቤት ድረ ገጽ በነፃ ማየት ይቻላል። ከኤፍቢአይ የራስን መዝገብ በ18 ዶላር ማውጣት ይቻላል። ሥራ ፍለጋ ከመጀመራቸው በፊት የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው።

ለሲልቨር ስፕሪንጓም አንድ ነገር ልጨምር። የወንድምሽን የ2015 ክስ ከሜሪላንድ መዝገብ ማሰረዝ ትችላላችሁ። ዐቃቤ ሕግ የተወው ክስ ስለሆነና 3 ዓመት ስላለፈው ጊዜው ደርሷል። ቁጥሩ በ072ኤ የሚያልቀውን ቅጽ ሞልታችሁ ክሱ ለነበረበት ፍርድ ቤት ማስገባት ነው። ክፍያ የለውም። ከተሰረዘ በኋላ ቀጣሪ ስለ እሱ እንዲናገር ሊያስገድደው አይችልም።

የዜግነት ፈተና

ቆዩ ቆዩ! ወንድምሽ ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ?

ዜጋ ካልሆነ ከማሰረዛችሁ በፊት ማህተም ያለበት የውሳኔ ቅጂ ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አውጡ። ሁለት ሦስት ቅጂ ይሁን። ለዜግነት ሲያመለክት ቅጹ የታሰርክበትን ሁሉ ይጠይቃል፤ የተሰረዘ፣ የታሸገ ቢሆንም ተናገር ይላል። መኮንኑ "የፍርድ ቤቱን ወረቀት አምጣ" ሲለው፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ "እንዲህ ያለ ፋይል የለንም" ይለዋል። በመሃል ቤት ይንገላታል።

ሌላው፣ ለቀጣሪ የጠፋ ነገር ለኢሚግሬሽን አይጠፋም። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት የተቀበለ ሰው፣ የስቴቱ ዳኛ በኋላ ቢያነሳለትም በኢሚግሬሽን ሕግ እንደተፈረደበት ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ዜጋ ያልሆናችሁ፣ የወንጀል ጠበቃችሁ "ቀላል ነው፣ ፈርምና ውጣ" ሲላችሁ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ግሪን ካርድ ነው! እንኳን ነገርሽኝ። ቅጂውን ሰኞ እናወጣለን። ደብዳቤዎቹን ዛሬ ማታ እየጻፍን ነው፤ አሁን አጠገቤ ተቀምጦ እያነበበ ነው። የጃንዋሪ አንድን ጽሑፍ ሁለቴ አነበበው።

ጃንዋሪ አንድ

ሰላም በዪልኝ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ከተሰረዘም በኋላ አንዳንድ ኩባንያዎች ቀድሞ የገዙት አሮጌ መረጃ ላይ ሊቀር ይችላል። የማሰረዣውን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አትጣሉ። እንደገና ከወጣ ኮፒውን አያይዞ መቃወም ነው።

ባጅ ፈላጊ

ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት። የእኔ ጥያቄ ስለ ኤርፖርት ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ደለስ ኤርፖርት ልቀጠር ነው፤ አሻራ ለባጅ (ለመግቢያ መታወቂያ) ስጪ ብለውኛል። ከ4 ዓመት በፊት ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሳትከፍይ ወጣሽ ተብዬ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ታስሬ ክሱ ወድቋል። ይከለክለኛል?

ቤልትዌይ ሾፌር

እህቴ በኤርፖርት ሠርቻለሁ። የባጁ ቼክ ከተራው ይለያል፤ በስም ሳይሆን በአሻራ ከኤፍቢአይ ነው የሚመጣው። የፌዴራሉ ደንብ የሚከለክሉትን ወንጀሎች ዘርዝሮ አስቀምጧል፣ የሚያየውም ያለፉትን 10 ዓመታት ነው። የሚከለክለው ፍርድ ነው። የወደቀ ክስ ፍርድ አይደለም።

የሚያዘገየው ግን ይህ ነው፦ የኤፍቢአዩ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ መታሰርሽ ይኖራል፣ ክሱ መውደቁ ግን ሳይጻፍ ይቀራል። ያኔ የባጅ ቢሮው መጨረሻውን ሳያውቅ ባጁን አይሰጥም። የመዝገቡን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቂያቸው፤ ይሰጡሻል። ስህተት ካለ ላስተካክል ነው ብለሽ በ30 ቀን ውስጥ አሳውቂያቸው።

ባጅ ፈላጊ

የወደቀበት ወረቀት እጄ ላይ የለም። ጠበቃዬ ጋ ደውዬ አላነሳም።

ቤልትዌይ ሾፌር

ጠበቃ አያስፈልግሽም። ክሱ የነበረው ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ከሆነ ሮክቪል ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የኬዝ ቁጥሩን ከድረ ገጹ ጽፈሽ ያዢ፣ መታወቂያ ያዢ፣ ጸሐፊው መስኮት ላይ "ማህተም ያለበት የውሳኔ ቅጂ" በዪ። ትንሽ ያስከፍሉሻል። ከአሻራው ቀጠሮ በፊት ይሁን፣ ሲጠይቁሽ ወዲያው እንድትሰጫቸው።

ባጅ ፈላጊ

የአሻራ ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሮክቪል እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።